ድንጋይ ቁጥር ሰባት

ከባሕር ዳር ወደብ ጎህ ሳይቀድ ወጣን፣
የሞተሩን ጭስ ከጉሙ ጋር እየጠጣን።
አንሙት መሪው ላይ፤ ናሁሰናይ ዝም ብሏል፣
ትናንት ባጠበው ጠርሙስ ቁጥር ይለጥፋል።
እኔ ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ፣
እርሳሴን በክር ካንገቴ ሰቅዬ።
በእርሳስ ነው የምንጽፍ። እስክሪብቶ ያለቅሳል፤
ውሃ ሲነካው የጻፈውን ይረሳል።

መጀመሪያ ሳህኑ፤ ነጭና ጥቁር፣ ባራት የተከፈለ፣
በገመድ ይወርዳል፣ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣
ዐይኔ እስኪያጣው ድረስ።
ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ
ይህ ነው፦ የሚጠፋ ነገር የት ላይ እንደጠፋ መጻፍ፣ በእርሳሴ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ በዚሁ ወር፣ በዚሁ ቦታ፣
«ሜትር ከሃያ» ይላል ደብተሬ፤ ጽሕፈቱም የወጣት፣ የደስታ።
ዛሬ ሠላሳ አምስት ሳንቲም።
አንሙት አይገረምም። «ማሳው እግር አውጥቶ
ወደዚህ ከመጣ ቆየ እኮ፤ ጉማራ እየመራው፣ ክረምት ጠብቆ፣ መንገድ አግኝቶ»
ይላል። ውሃ ላይ ምራቁን አይተፋም፤
ነውር ነው ብሎኛል አንድ ቀን። ለምን እንደሆነ አያብራራም።

አንድ ጊዜ ሥልጠና ላይ፣ የሩቅ ባሕር ሰው
ግድግዳ ላይ ፎቶ አበራ፤ ኮራል ነው አለ ያየነው።
ጥልቅ ባልሆነ ውሃ፣ ድንጋይ መስሎ የሚኖር ነፍስ፣
ሲሞቀው የሚነጣ፣ እንደ መግነዝ ልብስ።
መርከብ አላቸው፤ ጠላቂ፤ የውሃ ካሜራ፤
በየዓመቱ ይዞራሉ፣ የቀረውን ለቆጠራ።
ከኋላ ወንበር አንዱ «እኛስ ባሕር የለን፣ ምን ገዶን?» አለ፤
ሳቅን።
እኔ ግን በልቤ፦ ድንጋይ ቁጥር ሰባት አለ።

ከደሴቷ በስተ ምሥራቅ፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ፣
አናቱ ስንዝር ብቻ የጠለቀ ጥቁር ድንጋይ።
ላዩ ላይ ግራጫ ቅርፊት፤ ላላወቀው ሻጋታ፣
ላወቀው ስፖንጅ፤ ሕያው ወንፊት፣
ሐይቁን ቀን ከሌት የሚያጠልል፣
ደወል የሌለው መነኩሴ።
መቶ ዐይን ያለው የሽቦ ማዕቀፍ እጥልበታለሁ፤
በስንቱ ዐይን ሕይወት እንዳለ እቆጥራለሁ።
ስልሳ አንድ ነበር። ኀምሳ ስምንት። አርባ አራት።
እምቦጩ መጥቶ ሰነበተ፤ ሠላሳ ሁለት።

ዛሬም ወረድኩ። ውሃው ጉልበቴን፣ ከዚያ ወገቤን ያዘ።
ማዕቀፉን ጣልኩ።
ደለል። መቶውም ዐይን ደለል ለብሶ፣ እንዳዛውንት ዐይን ፈዘዘ።
ናሁሰናይ ከጀልባው፦ «ስንት ልበል?»
ዝም።
ሕጉን ያስተማርኩት እኔው ነኝ፦ እይ፣ ቁጠር፣ አትንካ፤
ሐይቁን በሐይቁ ልክ እንጂ በኀዘንህ ልክ አትለካ።
አንሙት ሞተሩን አጠፋ። ጸጥታው ከደንገሉ ተነሥቶ እኛ ጋ ደረሰ።
አንድ ይብራ ክንፉን ዘረጋና፣ ሐሳቡን ቀይሮ መለሰ።
እጄ ሄደ።
እኔ አልላክሁትም፤ ሄደ፤ በመዳፌ ጎን፣
የሕፃን ፊት እንደሚታጠብ፣ ጠረግሁት ደለሉን።

ውሃው ጨለመ፤ ቆየ፤ ጠራ ጥቂት፣ ጥቂት።
በስተ ግራ ጥግ፣ ሦስት ዐይን ውስጥ፣ ያ ግራጫ ቅርፊት፤
እንደ ድመት ምላስ ሻካራ።
ሦስት። ምናልባት አራት።

«ስንት ልበል?» አለ ልጁ ዳግም።
ሦስት ቢባል ሐሰት ነው፤ የገለጥኩት እኔ ነኝ።
ዜሮ ቢባልም ሐሰት ነው፤ ጣቴ አሁንም ሻካራ ይሰማዋል።
ወጣሁ። ሱሪዬ ጭቃ እያንጠባጠበ
ደብተሩን ተቀበልኩት።
«ብዛት» በሚለው ዐምድ፦ ዜሮ።
«ማስታወሻ» በሚለው፣ ሁለት ቃል እንኳ በማይበቃው ጠባብ ዐምድ፣
ፊደሉን አድቅቄ፦ «እጄ ነክቶታል። ከደለሉ ሥር ሦስት አሉ።
አራተኛውን አላረጋገጥኩም።»

ናሁሰናይ አነበበና አየኝ። አልጠየቀም።
አንሙት የሞተሩን ገመድ ሳበ፤ አንዴ፤ ሁለቴ፤ በሦስተኛው ተነሣ።
«ቀጣዩ ስምንት» አልኩ።
«ስምንት እምቦጭ ውስጥ ነው» አለ፤ መልሶ አጠፋውና
መቅዘፊያውን አነሣ።